የልጄ ሆድ እርሾ

የልጇን ዳይፐር በፌስታል ጠቅልላ ጤና ጣቢያ የሄደችው ሴት እኔ ነኝ። ሳቁ ግዴለም፣ ባለቤቴም እስካሁን ይስቅብኛል። ልጄ አስራ ሁለት ቀኗ ነበር፣ ካካዋ እንደ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ቅጥን ያለ፣ መሀል መሀሉ ላይ ነጫጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ያለው፣ ሽታው ደሞ የካካ አይደለም፣ የኮመጠጠ እርጎ ነው ሚሸተው። እዚሁ አባይ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ አየችና "ብርድ መቷታል፣ ተቅማጥ ነው" አለች፣ በቃ ነጠላዬን አንስቼ ባጃጅ ውስጥ። ጤና መኮንኑ ፌስታሉን ከፍቶ አየት አደረገና "ጡት ብቻ ነው ምትጠባው?" አለኝ፣ አዎ ስለው "እንግዲያ ይሄ ጥሩ ካካ ነው፣ ደሞ እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ሸኘኝ።

ጥሩ ካካ!

ከዛ በኋላ ሌሊት ሌሊት እያጠባሁ በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ ለምን እርጎ እርጎ እንደሚሸት ሳነብ ነው ምነጋው። አንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ 70 ግራም ገደማ ላክቶስ ሚባለው የወተት ስኳር አለ፣ 40 ግራም ገደማ ስብ አለ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ፕሮቲን ይመስላችኋል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ኦሊጎሳካራይድ ሚባል የስኳር ሰንሰለት ነው፣ በሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገር ላይ ደሞ ከ20 በላይ ይደርሳል። አይነቱ እስካሁን የታወቀው ብቻ ከ200 ይበልጣል። እና ልጄ ይሄን ሁሉ መፍጨት አትችልም! ማለቴ አንዱንም። ጨጓራዋን አልፎ ቀጭን አንጀቷን አልፎ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እኔ ገንፎ በልቼ አጥሚት ጠጥቼ ያመረትኩት ነገር ልጄ ማትበላው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ከፍቶኝም ነበር።

በላተኛው ሌላ ነው። ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ ሚባል ባክቴሪያ አለ፣ እነዚህን ስኳሮች ለመቁረጥ ሚሆን ኢንዛይም ሙሉውን ታጥቆ ሚጠብቅ፣ ሰንሰለቱን እንዳለ ወደ ውስጡ ጎትቶ ነው ሚበላው። በልቶ ሲጨርስ አሴቴትና ላክቴት ሚባሉ አሲዶች ይተፋል፣ አንጀቷ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣ ቦታ ደሞ ብዙ ተቅማጥ አምጪ ጀርም አይመቸውም። ሽታው ከዚህ ነው እንግዲ፣ እርጎም ሚኮመጥጠው በዚሁ በላክቴት፣ ማለትም በላክቲክ አሲድ ነው እኮ። ለእናቴ ያስረዳኋት በእርሾ ነው፣ ቡሃቃው ስር ያለው እርሾ ዱቄት ካላገኘ ይሞታል፣ ካገኘ ግን ሊጡን ሌላ ነገር አያበላሸውም፣ የልጄ ሆድ ቡሃቃ ነው፣ ይሄ ስኳር ዱቄቱ ነው አልኳት። "አሃ" አለች፣ ከዛ ወዲያ ጥያቄ የለም።

ዳይፐር በማየት ግን የመጀመሪያዋ አይደለሁም፣ ፓሪስ ውስጥ ቲሲየ ሚባል ሰውዬ እ.ኤ.አ. 1900 አካባቢ ጡት ሚጠቡ ህፃናት ካካ ላይ ነው ይሄን የባክቴሪያ ዘር ያገኘው። ምግቡ እነዚህ ስኳሮች መሆናቸውን ጂዮርጂ እና ኩን ሚባሉ ተመራማሪዎች ከጓዶቻቸው ጋር እስኪያሳዩ ድረስ 1954 ደረሰ። ደሞ ሚገርመው ይሄ ኢንፋንቲስ ጋምቢያና ባንግላዴሽ ያሉ ህፃናት ላይ በብዛት አለ፣ አሜሪካ ግን እየጠፋ ነው፣ አሁን በዱቄት መልክ ለህፃን እየተሸጠ ነው አሉ። እኛ ዳይፐር ውስጥ ስናየው ተቅማጥ ነው እንላለን።

ይሄ የወተቱ ስኳር ሌላም ስራ አለው። ጀርም ህፃኑን ለማሳመም መጀመሪያ የአንጀቱን ግድግዳ መጨበጥ አለበት፣ ሚጨብጠው ደሞ ግድግዳው ላይ ያለ ስኳር ነው። ወተቱ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ ቁርጥ ያንን ስለሚመስሉ ካምፒሎባክተር ሚባለው ተቅማጥ አምጪ ጀርም አይነቱ ተሳስቶ እነሱን ይይዝና ከዳይፐሩ ጋር ውልቅ።

አሁን ወደ ቅቤው። እናቴ ከወረታ ስትመጣ ኩባያ ሙሉ ለጋ ቅቤ ይዛ ነው፣ ግማሹ ለገንፎዬ፣ ግማሹ ደሞ "ልጅ ቅቤ ካልዋጠ አንጀቱ አይለሰልስም" በሚለው ህጓ መሰረት። እንገሩንም "አልቢና ድፊው፣ የቆየ ነው" ብላኝ ነበር። ላማችን ስትወልድ እኮ እንገሩ ተፈልቶ እንደ አይብ ሲረጋ እኔና ወንድሞቼ ተሻምተን ነበር ምንበላው፣ ራሷ ነች ምታፈላልን! የላሟ ሲሆን ሲሳይ የኔ ሲሆን ሚደፋ እንዴት ነው ብያት ሳቀች፣ እንገሩ ሳይደፋ ቀረ። የፎገራ ላም ወተትም ስሙ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ ጣና ዳር ላደገ ሰው አይነገርም፣ ግን የላም ወተት ውስጥ ይሄ ስኳር ከሰው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ለጥጃ ነዋ የተሰራው።

ማጥባት ያልቻላችሁ እህቶች ደሞ እንዳትከፉብኝ። አንዳንድ የዱቄት ወተቶች ከ200ው አንድ ሁለቱን ላብራቶሪ ውስጥ አስመርተው ይጨምሩበታል፣ አንዱን ፋርማሲ ውስጥ አንስቼ ዋጋውን ሳይ ቀስ ብዬ መለስኩት እንጂ። ደሞ ሁሉም ጡት አንድ አይነት ስኳር አይሰጥም፣ ብዙ ቦታ ከአምስት ሴት አንዷ ገደማ በዘር ምክንያት ዋነኛውን ሁለት ፕራይም ፉኮሲልላክቶስ ሚባለውን አታመርትም ማለት ይቻላል፣ ልጆቻቸውም ያድጋሉ። የኔ ከየትኛው እንደሆነ አላቅም፣ ምርመራ ፍለጋም አልሄድም፣ ፌስታል ይዤ አንዴ ሄጃለሁ ይበቃል።

ልጄ ሦስት ወር ሆናት፣ ስድስት እስኪሞላት ውሃም አትቀምስም። ቅቤው አልባከነም፣ የልጄ ድርሻ ባለፈው ቅዳሜ የእናቴ አናት ላይ ወጥቷል፣ ሻሽ አስራ በረንዳ ላይ ፀሀይ ስትሞቅ ነው የዋለችው።