ሦስተኛው ፍሪሲዮን

ትላንት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ አንድ ጭነት የሞላ አይሱዙ ፊቴ ቆመ። ዳገቱ መሐል። ድሮ ቢሆን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ፔዳሉን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። መኪናዋ ሳትንቀጠቀጥ ወጣች። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ሾፌር ምን እንዳሰበ እንጃ።

አዲሱ ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክላች፣ 6,000 ኪሎ ሜትር ሞልቷል። እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት ፍሪሲዮን፣ አንድ ክሮቼራ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ መጋጠሚያ) እና ሦስት ቅዳሜ ከፍያለሁ።

መኪናዋ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ ባለ 3.0 ዲ ፎር ዲ ናፍጣ፣ የመጠምዘዝ ጉልበቷ 343 ኒውተን ሜትር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአያት ሜክሲኮ ትመላለሳለች። ሲመቸኝ ደግሞ መንዝ፣ ወላጆቼ ጋ። የክረምቱን ዋልካ የቀመሰ ያውቀዋል። ጎማዋን ከ255/70 አር 15 ወደ 265/75 አር 16 ቀይሬያለሁ። ያምራል። ግን የጎማው ቁመት 9 በመቶ ያህል ጨመረ፣ ማርሹም በዚያው ልክ ከበደ። ዕዳው የሚወድቀው ፍሪሲዮኑ ላይ እንደሆነ ጎማውን ስገዛ ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦው ያካክሳል፣ ግን ዙር ካገኘ በኋላ ነው። ከቆሙበት ሲነሱ ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ነዳጅ ጨምሮ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተቱ መነሳት ግድ ይላል። እዚህ አገር ፍሪሲዮን ቶሎ የሚያልቀው በሾፌር ጥፋት ብቻ አይደለም ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ከሶማሌ ተራ በርካሽ ገዛሁት። ካርቶኑ ኦሪጅናል፣ ውስጡ ሌላ። ዓመት አልሞላውም። ይለፈን።

ሁለተኛው ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው የተሳሳትኩት። ሴራሚክ፣ «ስቴጅ 3» የሚባለው። ሸራው (እየተፋተገ የሚይዘው ክብ ክፍል) ሙሉ ሳይሆን ተለያይተው የተቀመጡ ቁርጥራጮች ያሉት። ዋልካ ላይ አንደኛ ነው፣ አልዋሽም። ሙቀት አይነካውም። ከተማ ውስጥ ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መካከል የሚባል ነገር አያውቅም። መገናኛ ላይ በትራፊክ ሰዓት እንደ ፈረስ ስዘል ነበር። የግራ ጉልበቴ ማታ ማታ ያመኝ ጀመር። ባለቤቴ «ወይ አስተካክለው ወይ ሽጠው» አለች። በመጨረሻ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ድንገት ድንጋይ ሲያገኝ የኋላው ክሮቼራ «ጧ!» አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ፍሪሲዮን እንደ ፊውዝ ነው። እሱ በጭራሽ የማይንሸራተት ከሆነ የሚሰበረው ከሱ ኋላ ያለው ነው።

ስለዚህ ሦስተኛውን በስሌት መረጥኩ። የፍሪሲዮን አያያዝ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ፕሌቱ (ሸራውን የሚጫነው ብረት) ከሚጫንበት ኃይል፣ ሸራው ከተሠራበት ነገር፣ ከሸራው የክብ ስፋት (ዲያሜትር)። ስፋቱን ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ይወስንልሃል። የሚጫነውን ኃይል ስትጨምር ፔዳሉ ይከብዳል። ሸራውን ወደ ሴራሚክ ስትቀይር ልስላሴው ይጠፋል። ነጻ ምሳ የለም። «ስቴጅ» የሚባለውን ቁጥር ደግሞ እርሱት፣ እያንዳንዱ አምራች ለራሱ የሚሰጠው ስም ነው። ሻጩን «ስንት ኒውተን ሜትር ይችላል?» በሉት። መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ። እኔ 450 ገደማ የሚችል ወሰድኩ፣ ከሞተሩ 30 በመቶ ያህል የሚበልጥ። ሸራው ተራው ዓይነት፣ ፕሌቱ ጠንከር ያለ። ባለ ሁለት ክፍሉን ቮላኖ አውጥቼ ድፍኑን አስገባሁ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

ጋሼ የምንለው የሰፈራችን መካኒክ ቦታና ክሪክ ሰጠኝ። ሥራውን ግን በራሴ እጅ ነው የሠራሁት፣ መማር ስለፈለግኩ። ልክ እንደተገጠመ ቆንጆ ነበር። በሳምንቱ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ጠዋት ደህና፣ ሲሞቅ ግን በአንደኛና በኋላ ማርሽ ስነሳ መኪናዋ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ቀየርኩ። አንዱ በእርግጥ ተሰንጥቆ ነበር። ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አወረድኩ። ሸራው ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት አየሁ። «ፓራኦሊ ነው!» አልኩ፣ የተማርኩ መስሎኝ። የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊ፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ፣ ቀየርኩ። ሸራውን በቤንዚን አጥቤ መለስኩት። ሁለት ቀን ሠራ። ሦስተኛው ቀን እንደ ድሮው። ሸራ በቤንዚን ይታጠባል የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ሸራው ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቅባቱ ውስጡ ይገባል፣ ላዩ ንጹሕ ይመስላል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ቅባት የጠጣ ሸራ ይጣላል።

ከዚህ በኋላ ነው የማፍርበትን ነገር ያደረግኩት። ሻጩ ጋ ሄጄ ሰው ፊት «የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ» አልኩት። ሰውየው ዝም ብሎ አየኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ካምቢዮው ሲወርድ ጋሼ ሻዩን ይዞ መጣ። ባትሪውን አበራ። ፓራኦሊውን በጣቱ ነካ፣ ደረቅ። ሸራውን ገለበጠ። «ቅባቱ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለኝ። በካምቢዮ በኩል። ከሞተር ቢመጣ ቮላኖው በኩል በሆነ ነበር። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን ደግሞ ቀጭን ነው፣ ሽታውም ይለያል። ይሄ ወፍራም ነው፣ ከመሐሉ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር ተረጭቷል። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ዘንጉን ስንት ግራሶ ነው የቀባኸው?»

ብዙ። በጣም ብዙ። ከካምቢዮ ወጥቶ ሸራው መሐል የሚገባው ዘንግ ጥርሶች ላይ በጣቴ እንደ ቅቤ ነው የለቀለቅኩት። ሁለቴ፣ ሁለተኛው ቅዳሜም ጭምር። ሲሽከረከር ሁሉም ወደ ሸራው ተረጨ። የሚያስፈልገው የክብሪት ራስ የምታህል ናት። ቀብተህ፣ ሸራውን ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስቴ አስገብተህ አውጥተህ፣ የተረፈውን በጨርቅ ትጠርጋለህ። በቃ።

አዲስ ሸራ ብቻውን ገዛሁ። ከሌላ ሱቅ። የድሮው ሻጭ ጋ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤያለሁ፣ እስካሁን ግን በዚያ መንገድ ሳልፍ በሌላኛው ዳር ነው የምሄደው።

አዲሱ ሸራ እስኪላመድ፣ መጀመሪያ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ መንዝም አልሄድኩ፣ ምንም አልጎተትኩም። ከተማ ውስጥ በቀስታ ብቻ። ሴራሚኩን በሦስተኛው ቀን ጭቃ ውስጥ ያስገባሁት ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ስመክር ብዙ አትስሙኝ። ጭቃ ወይም ጠጠር ዳገት ላይ ግን ዝቅተኛውን ፎር ዊል ተጠቀሙ። ጉልበቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚያበዛ ፍሪሲዮኑ ሳይሞቅ ትነሳላችሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ አይደለም፣ እዚያ ሌላ ዕቃ ትሰብራላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ድፍኑ ቮላኖ የናፍጣውን ምት እንደ ድሮው አያበርድም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጥ) ማርሽ ሳላስገባ ስቆም ካምቢዮው ውስጥ ኳ ኳ ይላል። ፔዳሉን ስረግጠው ይጠፋል። ጋሼ «ልመደው» ብሎኛል። ባለቤቴ ግን ትላንት ማታ መብራት ላይ ቆመን «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለችኝ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።