ክብረ ወሰኑ በትዕግስት ተሰበረ፦ የአርዕስት ቅኔ ልምምዴ፣ አራተኛ ወር

በአትሌቶቻችን ስም ሰምና ወርቅ ያለው የጋዜጣ አርዕስት መጻፍ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የቆየ ድል አነሳና፣ ያኔ የስፖርት ገጹ የእኔ ቢሆን ምን ብዬ እወጣ ነበር እላለሁ። ደብተሬ ላይ 60 ገደማ አሉ። የማላፍርባቸው ሰባት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ቀላል ቀላሉን ነበር የማሳድደው። አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ስታሸንፍ፣ "አልማዝ ወርቅ ሆነች" አልኩ። ለእህቴ በኩራት አሳየኋት። "ከአልማዝ ወደ ወርቅ? ዝቅ አደረግካት እኮ!" አለችኝ። ዝም አልኩ። ለጥሩነሽ ዲባባ የቤጂንግ 2008 ድርብ ድል "ሁለቴ ጥሩ ነሽ" ይሻላል። ስሟ ላይ የጨመርኩት ክፍት ቦታ ብቻ ነው።

ያሰቃየኝ ግሱ ነው። ትዕግስት አሰፋ በፓሪስ 2024 ማራቶን በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር ስታገኝ፣ "ትዕግስት አለቀ" ብዬ ጻፍኩ። ወርቁ ደህና ነው፣ ሰሙ ፈረሰ። ሴት ልጅ "አለቀ" አትባልም። "አለቀች" ካልኩ ደግሞ መርዶ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ስታገል ከርሜ መውጫው "በ" ሆኖ ተገኘ። በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የቀድሞውን ሰዓት ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፦ "ክብረ ወሰኑ በትዕግስት ተሰበረ"። ባለቤቱ ክብረ ወሰኑ ስለሆነ የፆታው ጣጣ ቀረ። እንደዚያ የቸኮለች ሴት "በትዕግስት" መባሏ ራሱ ያስቀኛል።

የአባት ስም ሌላ ዓለም ነው። የፈረንጅ ጋዜጣ "በቀለ አሸነፈ" ሲል አባትየው የሮጡ ነው የሚመስለኝ። ለእኛ ግን ሙሉ ስሙ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ቀነኒሳ በ2004 ኦስትራቫ ላይ የኃይሌን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ26:20.31 ሲሰብር፦ "ኃይሌ ባረሰው፣ ቀነኒሳ በቀለ"። ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው።

"ደራርቱ አበበች" የሚለውን ለባርሴሎና 1992 ስጽፍ ያሰብኩት አበበ ቢቂላን ብቻ ነበር። ኦሮምኛ የሚናገር ጓደኛዬ ሲያየው ሳቀ። ስሟ ራሱ ከማበብ የመጣ ነው ለካ! ያልለፋሁበት ቅኔ ማለት ነው። አሁን ስም ሳልጠይቅ አልነካም።

አንድ የሰረዝኩት አለ። ለሜቻ ግርማ በፓሪስ 2024 የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ላይ ሲወድቅ፣ "ግርማ ወደቀ" ወዲያው መጣልኝ። ግሱም ፆታውም ገጥሟል። ልጁ ግን በቃሬዛ ሲወጣ እያየሁ ነበር። በ2023 ላስመዘገበው የ7:52.11 ክብረ ወሰን በ"ግርማ" የሆነ ነገር ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ፤ እኔ እስካሁን አልመጣልኝም።