አልነሳ ያለው ላፕቶፕ እና የአራት ክፍል ውጤት

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ይህን እያወቅኩ ነው የተማሪዎቼን የመንፈቅ ዓመት ውጤት ሞልቼ እንደጨረስኩ፣ ማታ፣ «አፕዴት አድርገህ ዝጋ» የሚለውን የተጫንኩት። 36 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ነጥቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። እንደዚያው ሲል አደረ።

በማግስቱ የጥገና ቤቱ ልጅ ገና ከፍቶ ሲያየው «ፎርማት ነው የሚሆነው» አለኝ። የአራት ክፍል ውጤት ውስጡ እንዳለ ብነግረው «ቲቸር፣ ዳታው አይተርፍም» አለ። ይዤው ወጣሁ። አልዋጥልህ አለኝ። እንቢ ያለው ዊንዶውሱ ነው፤ ዲስኩ አልወደቀ፣ ውሃ አልነካው፣ ሰነዶቼ የት ይሄዳሉ?

ቤት ገብቼ አርማው ብቅ ሲል ማብሪያውን ተጭኜ እየያዝኩ ደጋግሜ አጠፋሁት። ሦስተኛው ላይ የጥገና ገጹ በራሱ መጣ። (በመቶው እየጨመረ ከሆነ ግን ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ፤ ጠብቁት።) ዳታው ይቅደም ብዬ ወደ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ሄድኩ። የደነገጥኩት እዚህ ነው፤ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቁልፍ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ቁልፍ እንዳለኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ብዙ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉና ቁልፉን እዚያው አካውንት ላይ ያስቀምጣሉ። በስልኬ ገብቼ አገኘሁት። ልጄ ስድስት ስድስቱን እያነበበችልኝ ስምንት ጊዜ ጻፍኩ፤ አምስተኛው ላይ ተሳስቼ እንደገና።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ኖትፓድ ብዬ ጻፍኩና ተራው የጽሑፍ መጻፊያ ተከፈተ። የኖትፓድ ፋይል መክፈቻ ሳጥን ዲስኩን ሙሉ ያሳያል፤ የፋይል ዓይነቱ «ሁሉም» ካልተባለ ግን ባዶ ይመስላል። የዲስኩ ፊደልም ሊቀየር ይችላል፣ የእኔ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ጠበቀኝ። የውጤቱን ፎልደር ኮፒ አድርጌ ፍላሽ ላይ ፔስት አልኩት። ስንት እንደቀረው አያሳይም፣ ደርቆ የቀረ ይመስላል። ፍላሹን ሳልነካ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ፎልደሩ ፍላሹ ላይ ሲታየኝ ነው የተነፈስኩት።

የቀረው ብዙም አላስቸገረኝ። የመጨረሻውን አፕዴት ማራገፊያው እንቢ አለኝ፤ አፕዴቱ ራሱ ግማሽ ላይ የቀረ ነበርና። ዲስም በሚባለው መሣሪያ ያላለቁ ለውጦችን የሚመልሰውን ትእዛዝ ሰጥቼ ሪስታርት ሳደርገው ተነሳ።

አሁን ጥገና ቤት የሚሄድ ባልደረባ ካለ፣ ፎርማት ከመባሉ በፊት ዳታው ይውጣልኝ እንዲል አጥብቄ እነግረዋለሁ። ባትሪ ቀይሬያለሁ፤ ሳይሞላ አፕዴት አልነካም። 48ቱን አሃዝ ወረቀት ላይ ገልብጬ ከልጄ የልደት ካርድ ጋር አስቀምጫለሁ።