በባሕር ዛፍ ሥር ያሳለፍኩት የመጀመሪያ በጋ

አውስትራሊያ ውስጥ፣ በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈር በፉትስክሬይ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እንጀራው፣ በርበሬው፣ የሀገር ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ከዚያ ልጄን ይዤ፣ ጓዜን ጠቅልዬ፣ የሜልበርን ባቡር በምሥራቅ በኩል መጨረሻው ወደሆነው ቤልግሬቭ ወጣሁ። ጓደኞቼ "ጫካ ገብተሽ ምን ልትሠሪ?" አሉኝ። እኔን የሳበኝ ሽታው ነው። ቤቱን ለማየት የሄድኩ ቀን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከባቡር ስወርድ እንጦጦ የደረስኩ መሰለኝ።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው ከዚሁ ከአውስትራሊያ ነው። እዚህ ግን በገዛ አገሩ ነው፤ ቁመቱም ሌላ ነው። ቤልግሬቭ አጠገብ ባለው ሸርብሩክ ጫካ ውስጥ ያለውን ዝርያ በቁመት የሚበልጠው አበባ አብቃይ ተክል በዓለም ላይ የለም። ቅርፊቱ እንደ መቀነት ተልጦ ይንጠለጠላል። ሌሊት ንፋስ ሲነሳ ሲንኳኳ ይሰማል።

ትልቁ ጥፋቴ ቅጠሉን መናቄ ነው። አሸንዳው ላይ ተከምሮ እያየሁ ዝም አልኩ። እናቴ በዚሁ ቅጠል እንጀራ ስትጋግር እያየሁ ነው ያደግኩት። አንድ እፍኝ ከምጣዱ ሥር ስትጨምር ቦግ ይልና ፊቷን ያበራው ነበር። አዲስ አበባ ቅጠሉ መሬት ላይ ብዙ አይቆይም። ተጠርጎ፣ ታስሮ፣ በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ ይወርዳል። እዚህ ለቃሚ የለውም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም።

ያገናኙልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1983 በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ የነደደውን እሳት በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ጠዋት መሰላል ተሸክመው መጡ። "ነበልባሉን ብቻ አትጠብቂ" አሉኝ። "ቀድሞ የሚደርሰው ንፋስ የሚያመጣው ፍም ነው። ደረቅ ቅጠል ካገኘ ቤቱ በጣሪያው ይያያዛል።"

ሁለት ቅዳሜ ሠራን። ከአሸንዳው ብቻ ዘጠኝ ከረጢት ወጣ። ሣሩን ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች አጨድኩት። መስኮቱ ሥር የነበረውን ቁጥቋጦ ነቀልኩ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የማገዶ ክምር አራቅሁ። በር ላይ ያለው የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ሳይቀር ፍም እንደሚይዝ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ቤቱ ተሰናዳ፤ እኔ ግን አልተሰናዳሁም። በጥር አንድ ቀን የመንገዱ ዳር የእሳት አደጋ ሰሌዳ ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆሞ ነበር። "ጭስ ካየሁ እወጣለሁ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ንፋሱ በረታ፤ ያኔ ተነሳሁ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ዛፍ ወድቆ መኪናው ሁሉ ተሰልፏል። ልጄ ከኋላ ወንበር "እማዬ፣ ለምን ቆምን?" ትላለች። አርባ ደቂቃ እዚያው ቆምን። እሳቱ የዚያን ቀን አልመጣም። ቢመጣ ኖሮ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር።

አሁን ጭስ አልጠብቅም። ትንበያው ክፉ ከሆነ ጠዋት እንወጣለን፤ የሰሌዳው የመጨረሻ ደረጃ፣ "አውዳሚ"፣ ከተባለ ደግሞ ዋዜማውን። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የሱፍ ብርድ ልብስና የእናቴ ነጠላ በር ሥር ተዘጋጅተው ያድራሉ። ልጄም የራሷ ምልክት አላት። ፓፊንግ ቢሊ የሚባለው አሮጌ ባቡር የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን በእንፋሎት ሳይሆን በናፍጣ ነው የሚጎተተው። ድምፁ ከተለወጠባት ሻንጣዋን ትይዛለች።

የምንሄደው ፉትስክሬይ፣ ጓደኛዬ ቤት ነው። ባለፈው በጋ ጎረቤቴም አብረውን መጡ። መጀመሪያ ድመታቸውን ትተው አልሄድም ብለው ነበር፤ ድመቷንም ጫንናት። ውጭ ንፋሱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፤ ውስጥ ቡናው ይፈላል። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፤ ስልካቸውን አየት አደረጉና ስኒያቸውን ለበረካው አቀረቡ።