ሦስት አረንጓዴ ኖቶች

የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ደወለች። «ቤሩት ደሞዝ በዶላር ነው አይደል? ደላላው እንደዛ ብሎኛል» አለችኝ። በስልክ መልሼ መጨረስ አቃተኝ። እዚህ ልጻፈው፤ እንደሷ ሻንጣ የምታዘጋጅ ሌላም እህት ካለች ታንብበው።

2012 ዓ.ም. ለቤሩት ጉድ የተደራረበበት ዓመት ነበር። ጥቅምት 6 መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ ክፍያ ሊጥል ነው ተባለና ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ። «ኪለን ያዕኒ ኪለን» ይሉ ነበር፤ ሁሉም ማለት ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር ይውረዱ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳድ ሃሪሪ ለቀቁ። ማታ ማታ ሴቶቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ድስት ይቀጠቅጡ ነበር። የምሠራላት የቤቱ እመቤት፣ ማዳሜም ትቀጠቅጣለች፤ ድስቱን መልሼ የማጥበው እኔ ነኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መሪውን ፊት ለፊት ውረድ የሚል ሕዝብ ያስቀናል።

ከዚያ ዶላር ጠፋ። ባንኮች የሰው ገንዘብ ይዘው አንሰጥም አሉ። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ዶላር 1,500 የሊባኖስ ሊራ ገደማ ነበር፤ አሁን ግን ያ ዋጋ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ፣ ገበያው ላይ ሊራው ወደቀ። የካቲት መጨረሻ ላይ አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። መጋቢት ላይ በኮሮና ኤርፖርቱ ተዘጋ። መሄጃ የለም።

ደሞዜ 200 ዶላር ነበር። ሰኔ መጨረሻ፣ የሦስት ወር ውዝፍ እያለኝ፣ ማዳሜ ወጥ ቤት ገብታ ሦስት የመቶ ሺህ ኖት ምድጃው አጠገብ ዘረጋችልኝ። አዳዲስ፣ አረንጓዴ። «300 ሺህ ሊራ 200 ዶላር ነው፣ ኻላስ» አለች፤ በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። ዓይኔን አላየችኝም።

ዶራ የሚባለው ሰፈር ሄጄ የገበያውን ምንዛሪ ጠየቅኩ። ሦስቱም ተደምረው 40 ዶላር አይሞሉም። ሁለቱን መንዝሬ ላክሁ። እናቴ «ልጄ፣ ምነው ይህቺ ብቻ?» አለችኝ። እኛም እኮ ሰው ከአረብ አገር ሲመጣ ከፊቱ በፊት ሻንጣውን ነው የምናየው።

ያንገበገበኝ የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት ስለ ክብር አደባባይ ወጥታ ጮሃለች። ባንኩ ዘረፈኝ ብላ ስታለቅስ ውኃ አቅርቤ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ባንኩ በሷ ላይ ያደረገውን እሷ በኔ ላይ አደረገችው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ስንቷ እህታችን በአሠሪዎቿ መኪና መጥታ ከነሻንጣዋ መንገድ ላይ ተጣለች።

ሐምሌ 28፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ወደቡ ፈነዳ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተረሳ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው አሉ። ከ200 ሰው በላይ ሞተ። እኛ ቤት የመስታወት ስብርባሪ ሦስት ቀን ጠረግኩ፤ ከሩዙ ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ለቅሜ አወጣሁ። ነሐሴ 4 መንግሥት ወረደ። የኔን ውዝፍ ግን የጠየቀልኝ የለም።

እህቴ፣ አትምጪ አልልሽም። እኔም ዛሬ እዚሁ ሠርቼ ነው የማድረው። ግን «በዶላር» ሲሉሽ «ዶላሩ በእጄ፣ በየወሩ» ብለሽ አጽፊ። ኮንትራቱንና ፓስፖርትሽን ሳትወጪ ፎቶ አንስተሽ ለአክስቴ ተይላት። ከደላላው አፍ የሰማሽውን ወረቀቱ ላይ ካላየሽ አትፈርሚ።

ሦስተኛዋ ኖት እስካሁን ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አለች። ማዳሜ 66 ዶላር ናት ብላ የቆጠረችልኝ ናት። አሁን አንዱ ዶላር ብቻውን 89,500 ሊራ ነው። ማታ በቪዲዮ ደውዪ፣ አሳይሻለሁ።