ጳጉሜ 5 የገባችው ደብዳቤ

ደሴ ውስጥ ለአእምሮ ጤና የሚሟገቱ በጎ ፈቃደኞች ደብዳቤያቸውን ለጤና መሥሪያ ቤቱ ያስገቡት ጳጉሜ 5 ቀን ነበር። ቀኑን የመረጡት አስበውበት ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የሚያስበው ሴፕቴምበር 10 በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ላይ ይውላል።

ደብዳቤዋ አራት ገጽ ነበረች። በዓለም በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ሕይወቱን በራሱ እጅ እንደሚያጣ ትናገራለች፤ የአንድ ወጣትን አሟሟት ከነሰፈሩ ትተርካለች። ጥያቄው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው፦ «ተገቢው ትኩረት ይሰጠው»።

የዕቅድ ባለሙያው ሳይቸኩል እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ከመሳቢያው የዓመቱን የዕቅድ ሠንጠረዥ አውጥቶ በእስክሪብቶው ጫፍ መስመር በመስመር ወረደ። «አብሽሩ፣ ነገሩን ንቄው አይደለም። ግን ‹ትኩረት›ን የትኛው መስመር ላይ ልጻፈው? በጀቱስ ሐምሌ ላይ ጸድቆ የለ?»

ልክ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ደግሞ ከዚያ ወራት ቀድሞ ከጤና ጣቢያ እየተሰበሰበ ወደ ላይ ይወጣል። ጳጉሜ 5 ለማስተማር የሚሆን ቀን ነው፤ ለበጀት ጥያቄ ግን ሁለት ወር አልፎበታል።

ሁለተኛዋን ደብዳቤ ያረመችላቸው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር ናት። መጀመሪያ የሰረዘችው የወጣቱን ታሪክ ነው። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ደሴ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ሰፈሩ ከተጠራ ቤተሰቡ ይታወቃል። አሟሟትን በዝርዝር መተረክም በዚያው ሐሳብ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። በአንጻሩ የተጨነቀን ሰው «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ጥያቄውን እንፈራለን፣ ዝርዝሩን እናወራለን።

ቀጥላ ጠየቀቻቸው፦ ምን ይገዛ? ስንት? ለየትኛው ጤና ጣቢያ?

የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን ከመደርደሪያው የሚጠፋበት መንገድ አለው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ በሚሞላ ቅጽ ነው፤ መጠኑም የሚሰላው ካለፈው ፍጆታ ነው። አንድ ጊዜ ከቅጹ ከቀረ አይመጣም፤ ካልመጣ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮው ተመልሶ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ዜሮ ያደርገዋል። ወረቀቱን ያየ ሰው ታካሚ የለም ይላል። ስለዚህ ደብዳቤዋ የታካሚ ቁጥር ይዛ ተጻፈች፦ 25 ታካሚ፣ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ካፕሱል፣ ለ60 ቀን፤ 1,500 ካፕሱል፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሰው ከተሻለውም በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። መሐል ላይ ሲቋረጥ ታካሚው «አልሠራልኝም» ብሎ ይቀራል።

ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የሚያሰጋ ሰው ደግሞ የወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይሰጠውም፤ የሳምንት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራትም በየሳምንቱ ሊታይ ወይም ሊደወልለት ይገባል። በየሳምንቱ ከገጠር ደሴ የሚመላለስበት ብር ከየት ያመጣል? መድኃኒቱ ቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ይገኝ የተባለው ለዚህ ነው። ሲስተር ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አጻፈቻቸው፤ መጀመሪያ የጻፉት ውስጥ «በየሳምንቱ» የሚለው ቃል ስላልነበረ።

ሁለተኛው ጥያቄ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ነበር፦ በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ነርስ።

ደብዳቤዋ በአንድ ገጽ ጥር ላይ ገባች። መድኃኒቱ ዕቅድ ውስጥ ተያዘ፤ ሥልጠናው ግን ወደ አንድ ነርስ ተቀነሰ። አንዷ ነርስ የተዛወረች ዕለት የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል። ዘንድሮ ያዘጋጁት ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ ሁለተኛ ሰው።