ሳላይን አይንካው!

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለካላዛር (በሌሽማኒያ ጥገኛ የሚመጣ በሽታ) ታማሚዎች አምቢሶም፣ ማለትም በስብ ከረጢት የተያዘ አምፎቴሪሲን ቢ የተባለ መድኃኒት፣ ሲበጠበጥ ዋለ። አምፎቴሪሲን ቢ ራቁቱን ደም ስር ሲገባ ኩላሊት ላይ ጨካኝ ነው። እዚህ ግን ከ100 ናኖሜትር ባነሰች የስብ ከረጢት ግድግዳ ውስጥ ተሰክቶ ይሄዳል። ከረጢቷን የጉበትና የጣፊያ ማክሮፌጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ይውጧታል፤ የሌሽማኒያ ጥገኛም የተደበቀው እዚያው ነው።

50 ሚሊግራም ዱቄት ባለው ቫያል (የመድኃኒት ብልቃጥ) ላይ 12 ሚሊ ስቴራይል ውሃ ይጨመራል፤ ከዚያ ወዲያው ቢያንስ 30 ሰከንድ በኃይል መናጥ። ቀስ አድርጎ ማሽከርከር የለመደ እጅ እዚህ ያሳስታል፣ ጓል ይቀራል። በደንብ ሲሟሟ ቢጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ዱቄቱ ራሱም መጠን ስለሚጨምር 12.5 ሚሊ ይሆናል፣ በሚሊ 4 ሚሊግራም ይይዛል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 5 ሚሊግራም ከታዘዘ 250 ሚሊግራም፣ 5 ቫያል ማለት ነው፣ 62.5 ሚሊ። በ5 ማይክሮን ፊልተር እያለፈ እኩል መጠን ባለው 5% ዴክስትሮዝ (የስኳር ውሃ) ሲቀጥን በሚሊ 2 ሚሊግራም ይሆናል። ከቀጠነ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ግን በጭራሽ! ጨው ሲነካው ይዘቅጣል። በደም ስር መስመሩ ሳላይን ሲሄድበት ከነበረ መጀመሪያ በዴክስትሮዝ ይታጠብ፣ አለዚያ ሌላ መስመር ይከፈት።

ያልተከፈተው ቫያል ከ25 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም (በሞቃቶቹ መተማና ሁመራ ላሉት ይህ ቀልድ ይመስላል)። ፍሪዘር ደግሞ መፍትሔ አይደለም።